ለሐሙሱ ዱአ የያዝኩት ሐጃ

ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 2006

ዛሬም አልነገርኳትም። እናቴ አሁንም ለዕረፍት የመጣሁ ይመስላታል። ሥራዬን በገዛ እጄ ጽፌ እንደለቀቅኩ መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቅ የለም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ፊቴን አይተው እንባቸው መጣ። "እመቤትሽ ምን አድርጋሽ ነው?" አሉኝ። ዱባይ የሄደች ሁሉ ሰው ቤት የምትሠራ ይመስላቸዋል። ባንክ ውስጥ ኮምፒውተሮቹ እንዳይቆሙ የምጠብቅ ነኝ ብል፣ "አብሽሪ ልጄ፣ ደብቂው ግዴለም፣ አላህ ያውቃል" ብለውኝ ሄዱ።

ሳቄ መጣ። ምነው እመቤት በኖረችኝ! የሚወቀስ ሰው አገኝ ነበር። ማንም አልበደለኝም። ደመወዙ ወፍራም፣ አለቃዬ ጨዋ። እኔ ብቻ አራት ዓመት ስልክ በጮኸ ቁጥር እየበረገግኩ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ እያለቀስኩ ኖርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ከረፋዱ ጀምሮ ኔትወርክ የለም። ከተማው ያማርራል፤ እኔ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ኔትወርክ እንዳይጠፋ ስትጠብቅ የኖረች ሰው!

የዛሬ ድሎች፦ ቁርሴን ጨረስኩ። ገበያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሚኒባስ ጡሩምባ ሲነፋ ደንግጬ ኪሴን የዳበስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ስመለስ መሰናዶ ትምህርት ቤቱ ጎራ አልኩ። ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ እንደለበሱ ተደርድረዋል፤ የሚያስተምርባቸው ጠፍቷል። ርእሰ መምህሩ "በክፍያው አፍራለሁ እንጂ ብትመጪልን!" አለኝ። ልቤ ምን እንደነካው እንጃ፣ ደስ አለው።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ኔትወርኩ ተመለሰ፣ አለቃዬም ደወለ። ቦታዬን እስከ እሑድ ለሌላ እንደማይሰጥ፣ ሐሳቤን ከቀየርኩ እንድመለስ ነገረኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ፣ "እየጠሩሽ ነው አይደል? አልሀምዱሊላህ!" አለች። ይህ ቤት የተሠራው በዚያ ደመወዝ ነው፤ እህቴም የምትማረው በእሱ። ሰፈሩ ውስጥ አንገቷ ቀና የሚለው በእኔ ነው። ምን ብዬ ልንገራት?

ጭራሽ በሰላም ዱባይ እንድመለስ ዱአ ልታስደርግልኝ ነው፣ ነገ። እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። በደንቡ እያንዳንዱ ሐጃውን፣ የልቡን ጉዳይ ማለት ነው፣ ድምፁን አሰምቶ ይናገራል፤ ሸህ ሰይድ ይመርቁለታል፣ ሌላው አሚን ይላል። አንዷ ለወገቧ፣ አንዱ ለጠፋችበት በቅሎ አስለመነ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ እናቴ "ለመንገዷ ነው፣ ሸሁ" ብላ ቀደመችኝ።

"እሷ ትናገር። ሐጃሽ ምንድን ነው ልጄ?"

ዱአ ላይ አይዋሽም።

"እንቅልፍ" አልኩ። "ሥራውን ትቼዋለሁ፣ አልመለስም። እናቴ እንዳትከፋብኝ ለምኑልኝ።"

ሸህ ሰይድ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ "ያ አላህ፣ እንቅልፏን መልስላት፤ የእናቷን ልብ አስፋላት" አሉ። ሰው ሁሉ አሚን ሲል የእናቴን ድምፅ ፈለግኩ። አልሰማሁትም።

ዓርብ፣ ጥር 9

ስነቃ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ከተኛሁ!

እናቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ "ዝግ በሉ" እያለች ትመልሳለች። ፊቷ ገና አልተፈታም። የእህቴን ትምህርት በምን እንደምናስጨርስ ሁለታችንም አናውቅም። ስልኬን ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠችኝ።

"ያ ሰውዬ ደውሎ ነበር። ተኝታለች ብዬ ዘጋሁት።"

"በምን ቋንቋ?"

"በአማርኛ ነዋ! ከፈለገ ይግባው።"