ንዝረቱ ወደ ጣቴ ወረደ

ኅዳር 14፣ ጠዋት
ዛሬም መታ መታ አደረግኩት። ከተጎዳው ቀኝ እጄ አንጓ ወደ መዳፌ፣ በግራ ጣቴ ጫፍ። ምንም። ምንም። ከዚያ ነዘረኝ! ባለፈው ሳምንት በእስክሪብቶ ካደረግኩት ነጥብ አለፍ ብሎ። ደግሜ መታሁ። ደግሞ ነዘረኝ። ደብተሬ፣ ንዝረቱ ወርዷል! በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ቻይው።

የወልዲያው ሐኪም እውነቱን ነው። ሐምሌ ላይ የፀጉር ቤቴ መስታወት ሲወድቅ ልያዘው ስል የቀኝ እጄ ነርቭ ተቆረጠ፤ ደሴ ሰፉልኝ። ከስፌቱ በታች ያለው የነርቭ ክር ይሞታል፣ ባዶ ሽፋኑ ይቀራል። አዲሱ ክር ከላይ ያንን ተከትሎ ይወርዳል። በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብሎኝ ነበር። ያኔ በዝግታው ተናድጄ ነበር። ፀጉር ግን ይህን ያህል እንኳ አይፈጥንም። ፀጉርን አውቃለሁ።

ኅዳር 19
ወ/ሮ አስካለ ከመርሳ ድረስ መጡ። ልጃቸውን ጥር ላይ ይድራሉ። ሹሩባዋን ካንቺ ሌላ ማንም አይሠራላትም አሉ። ሰርጉ ሳይደርስ ቁርጡን እነግርዎታለሁ አልኩ። ሹሩባ በዓይን ብቻ አይሠራም፤ ዘለላውን የሚለየው ጣት ነው። ጣቴ ካልሰማ ፀጉር ቤቱን መዝጋት ነው።

ኅዳር 23፣ ከሰዓት
እትዬ ዘነበች፣ የባሌ ታላቅ እህት፣ ሲነዝረኝ አዩ። ብርድ ገብቶበታል አሉ። አይደለም እትዬ፣ ነርቩ እያደገ ነው አልኩ። «ሲያድግ የሚነዝር ምን አለ? ብርድ ነው!» ሙቅ ውሃ በጨው አቀረቡ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ነከርኩት። ሌባ ጣቴ ዝም። ከዚያ አውራ ጣቴን አቃጠለኝ! ጮህኩ። እጄን አውጥቼ ሳቅኩ። እትዬ አበደች ብለው ልጄን ሜሮንን ጠሩ።

ኅዳር 24
ሌባ ጣቴ ውሃ ቋጥሯል። ሞኝ ነኝ። የማይሰማ እጅ ትኩስ ነገር አይንካ ተብዬ ነበር። አውራ ጣቴ ግን ያመኛል። ያመኛል! እትዬ አፍረው ቀና ብለው አያዩኝም።

ታኅሣሥ 8
ዓይኔን ጨፍኜ ሜሮን ጣቴን በጥጥ ትነካለች። መሐል ጣቴን ነካች፤ ሌባ ጣቴ ነው አልኩ። ደገመች፤ ያው። «እማ፣ ጎረቤት ቤት ገባሽ» ብላ ሳቀች። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። አንዳንዱ ክር የሌላ ሽፋን ውስጥ ይገባል፤ አንጎል በልምምድ ይማረዋል አለኝ። ልምምድ! ሽንብራ፣ ማሽላ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ በጣቴ መለየት። ማሽላውን አወቅኩት።

ታኅሣሥ 20
እትዬ ጭንቅላታቸውን ሰጡኝ። ለሙቅ ውሃው ካሳ ነው አሉ። ተቀመጡ፣ ጀመርኩ። ሁለት ዘለላ ስይዝ ሦስተኛው ያመልጣል። ዓይኔን ካነሳሁ ሁሉም ይበተናል። አንዱን ጉንጉን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ከግንባር እስከ ማጅራት አደረስኩት! በመስታወት አዩት። «እንዲህ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ? እባብ የሄደበት መንገድ አስመሰልሽኝ እኮ!» ነጠላው ይሸፍነዋል አልኳቸው። ሳቁ።

ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት
ወ/ሮ አስካለ ጋ ደወልኩ። ለሙሽራዋ ሌላ ሠሪ ይፈልጉ፣ ጣቴ ለሰርግ አልደረሰም አልኩ። አዘኑ። ፀጉር ቤቱን ግን አልዘጋም። ለእትዬም ነገርኳቸው፦ ሹሩባዎን በየቅዳሜው እፈታዋለሁ፣ በየቅዳሜው እሠራዋለሁ፣ ጣቴ እስኪማር። በራ ልታደርጊኝ ነው አሉ። እየተሳደቡ በርጩማውን ራሳቸው ወደ ብርሃኑ ሳቡት። ተቀምጠዋል። ማበጠሪያውን በቀኝ እጄ አንስቻለሁ።