ከማክሰኞ ጀምሮ ይሠራ ነበር

ውድ እማዬ፣

ይህን ሁሉ ዛሬ በስልኩ መስኮት እያየሁሽ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ፊቴን ካየሽ ሳልጨርስ ይቅር ትይኛለሽ፤ አውቅሻለሁ። ወረቀት ሲሆን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ይሆንብሻል። ስለዚህ ሥራ ቦታ አትክፈቺው። ቤት ገብተሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ስንለያይ አውቶቡሱ አጠገብ የተስማማነውን አልረሳሽም። በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንቺ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስትወጪ፣ እኔም ትምህርቴን ጨርሼ፣ በቪዲዮ እንገናኛለን። ለሌላው ሰው ስልክ መደወል ይበቃዋል። ለእኛ ድምፅ ምን ያደርግልናል? በስልክ ዳታም ሞክረነዋል፤ ምስሉ እየተቆራረጠ እጅሽ አየር ላይ ደርቆ ይቀራል፣ "መጣሁ" ትበይ "ቀረሁ" ሳይለይ። "አይዞሽ፣ ዶርሙ ዋይፋይ አለው" ብዬሽ ነው የተሳፈርኩት።

ሰኞ ገባሁ። ስመዘገብ የሰጡኝ ወረቀት ላይ መለያ ቁጥርና የይለፍ ቃል አለ። አስገባሁ፤ "ትክክል አይደለም" አለኝ። ዜሮዋን ኦ አደረግኋት፣ ኦዋን ዜሮ አደረግኋት፣ አሁንም እምቢ። ሻንጣዬን እንኳን ሳልፈታ ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ክፍሉን ስዞር የክፍሌ ልጆች ሳቁብኝ። ሁለት ናቸው። አንዷን ገና በመጀመሪያው ቀን "ሬዲዮ" አልናት፤ ተኝታም ታወራለች። ሌላዋ ምንም ነገር የማይደንቃት የነርስ ተማሪ ናት።

"ማን ነው እንዲህ የሚያጣድፍሽ? ፍቅረኛ?" አለች ሬዲዮ።

"እናቴ ናት።"

"ታዲያ ደውዪላታ! ዋይፋይ ምን ያደርግልሻል?"

እማ፣ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። "እናቴ አትሰማም" ማለት ሁለት ቃል ነው። አልወጣ አለኝ። "ሥራ ላይ ናት፣ ስልክ አታነሳም" ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ ከክፍል እንደወጣሁ ኮምፒውተር ማዕከል ሮጥኩ። ሰልፉ በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ወርዷል። የሚያስተናግደው አንድ ቴክኒሻን ብቻ ነው፤ ቀጥ ብሎ ረጅም ስለሆነ ተማሪው ሁሉ "አንቴና" ይለዋል። ተራዬ ሲደርስ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል።

"ስምሽ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ሲስተሙ አያውቅሽም" አለኝ።

"እኔስ መቼ አወቅሁት?" አልኩት።

ሳቀና አስተካከለው። ስልኬን ተቀብሎ መዘገበው። "በቃ፣ ይሠራል። ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አትድከሚ፣ አይደርስም። ሕንፃችሁ ያለው አንድ የዋይፋይ ሳጥን ነው። ታች አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ተጠቀሚ።"

እየሮጥኩ ተመለስኩ። የሕንፃው ግማሽ ሰው አዳራሹ ውስጥ ነው። ሶፋው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ይጮሃል። ግድግዳ ተደግፌ ከፈትኩት። ተገናኘ! ያቺ ማራገቢያ የምትመስለው ምልክት ሙሉ ሆና መጣች። ከስምሽ አጠገብም አረንጓዴዋ ነጥብ በርታለች፤ ስልኩን ይዘሽ እየጠበቅሽኝ ነበር። ጣቴን አቀረብኩ።

ቀና ስል ሬዲዮና የነርስ ተማሪዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ሃያ ሰላሳ ሰው። አንቺ የምታወሪው እኮ በትከሻሽ፣ በቅንድብሽ፣ በመላ ሰውነትሽ ነው። እኔም የተማርኩት ካንቺ ነው። እዚያ ሁሉ ሰው መሀል እጄን ሳወናጭፍ ታየኝ። ጣቴን መለስኩና መልእክት ጻፍኩልሽ፦ "ደህና ነኝ። ኔት ገና ነው።"

ዋሸሁሽ።

ረቡዕ ዕለት ላይ ታች ስል ዋልኩ። ሰው የሌለበት ጥግ ፍለጋ ነው። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሥር፣ አይደርስም። የኋላው ደረጃ ላይ አንዲት መስመር ብቅ ትልና ትጠፋለች። የጣራው በር ተቆልፏል። ልብስ ማስጫው ጋ ምንም የለም። አንድ ቦታ አልቀመጥ አልኩ። መምህሩ ሲያስተምር እግሬ ጠረጴዛው ሥር ይርገበገባል፤ የጻፍኩትን መልሼ ሳየው አንድ ዐረፍተ ነገር አልሞላም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ይጨንቀኛል። አንድ ሰዓት ሲሆን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅልል ይለኛል። ከዚያ ቅልል በማለቴ ደግሞ እንደገና ይጨንቀኛል። ሐሙስም "ገና ነው" አልኩሽ። ዓርብም። በየቀኑ "እሺ" ብለሽ ትመልሺልኝ ነበር። ዓርብ ዕለት ግን አልመለስሽም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሕንፃው ተቆጣጣሪ በራችንን አንኳኳች። "አንቺን የምትፈልግ ሴትዮ ታች አለች። ብጮህባት ብጮህባት አትመልስልኝም" አለች።

 ብቻሽን ረጅም መንገድ ሄደሽ የማታውቂ፣ የመውረጃው ስም ሲጠራ የማትሰሚ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም በወረቀት ጽፈሽ ለሾፌሩ እያሳየሽ መጥተሻል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ፤ ሬዲዮና የነርስ ተማሪዋ ከኋላዬ። በሥራ ጫማሽ አዳራሹ መሀል ቆመሽ አገኘሁሽ። እንዳየሽኝ እጆችሽ ተነሱ፦ "ታመምሽ? ምን ሆነሽ ነው? መልእክትሽ ፊት የለውም!"

ሰዉ ሁሉ ዞረ። እኔ እጄን ከሆዴ ከፍ ሳላደርግ፣ "ቀስ በይ፣ ሰው ያየናል" አልኩሽ።

አየሽኝ። ከዚያ ሬዲዮን አየሻት፤ ከዚያ ሰዉን። እጆችሽ ወረዱ። የኔን ያህል አሳነስሻቸው። በጣቶችሽ ጫፍ ብቻ "እሺ" አልሽኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። አንቴና ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ ሳጥኑን ሲነካካ ነበር። አንቺ ከቦርሳሽ ወረቀት አውጥተሽ፣ "እባክህ የልጄን ኢንተርኔት አስተካክልላት። ስንት ቀኗ ነው" ብለሽ ጻፍሽለት። ወርዶ አነበበው። ግራ ተጋብቶ አየኝ።

"የእሷ እኮ ከማክሰኞ ጀምሮ ይሠራል" አለ።

ዓይንሽ ከንፈሩ ላይ ነበር። "ምን አለ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ "ዛሬ ይሠራል ነው የሚለው" ብዬ ተረጎምኩልሽ። ለሐኪም፣ ለቤት አከራይ፣ ለአለቃሽ ስተረጉምልሽ ነው ያደግሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም የሰው ቃል ለውጬብሽ አላውቅም ነበር።

ራስሽን ነቀነቅሽ። ከንፈር ታነቢያለሽ፤ ሁሉን ባይሆንም የቀን ስም አያመልጥሽም። ግን ወደ ክፍሌ ወጣሽ። ያመጣሽልኝን ብርድ ልብስ አነጠፍሽ፣ ጠርዙን እንደ ሆስፒታል አልጋ አጥፈሽ ፍራሹ ሥር ወተፍሽው፣ ግንባሬን ስመሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሳፈርሽ።

በማግስቱ ለክፍሌ ልጆች ነገርኳቸው። "እናቴ አትሰማም። በእጅ ነው የምናወራው። ደብቄያችሁ ነው።" ሬዲዮ ዝም አለች፤ እንዲህ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነው። የነርስ ተማሪዋ ግን ፀጉሯን ማበጠሯን እንኳን አላቆመችም።

"ትናንት አይተናታል እኮ። እኔን የገረመኝ፣ እናትሽን ስታናግሪ የምታንሾካሹኪው ለምንድን ነው?"

እጄን አንብባው ነበር፣ እማ። አንድ ምልክት የማታውቅ ልጅ።

ያን ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደወልኩልሽ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቀረሁም። ሰዉ ሁሉ ደግ ነው አልልሽም፤ ትናንት አንዲት ልጅ እጄን እየኮረጀች ጓደኞቿን አሳቀች። ፊቴ ጋለ። እጄ ግን አልወረደም።

ያንቺ ነው የወረደው። ሦስት ሳምንት ሆነን። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ የሳሙናው ውሃ የሰነጣጠቀው ጣትሽ ሳይቀር ይታየኛል። አንቺ ግን በገዛ ቤትሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ፣ እጆችሽን ደረትሽ ሥር ሰብስበሽ ነው የምታወሪኝ። ትከሻሽ አይነቃነቅም። ቅንድብሽ አይነሳም። እኔ እንዳላፍር እየተጠነቀቅሽልኝ ነው። "ምን ሆነሻል?" ስልሽ "ደህና ነኝ" ትይኛለሽ፤ ልክ እኔ ያን ሳምንት እንደጻፍኩልሽ። 

አንቴና ያለውን አይተሽ እንደሆነ አልጠይቅሽም። ይኸው እኔው ነገርኩሽ። ኢንተርኔቱ ይሠራ ነበር። አፍሬብሽ ነው። ባንቺ አፍሬ፣ አሁን ደግሞ በራሴ አፍሬ ይህን ስጽፍልሽ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እዚህ ስትደርሺ ደውዪልኝ፤ ሰዓቱን አትጠብቂ። ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። ግን በሙሉ እጅሽ ተቆጪኝ። አዳራሹ መሀል ነኝ፣ ሳጥኑ ሥር፤ ሰው ሁሉ በሚያየኝ ቦታ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።

ልጅሽ