የዋጥኩት ግጥም

ታኅሣሥ 3 ቀን 2005

ዛሬም ሽንት ቤት ስቆጥር ዋልኩ። ሃያ ሁለት ቤት። ክዳን ያለው ዘጠኝ፣ የእጅ መታጠቢያ ያለው አራት። አንዱ ቤት ጉድጓዳቸውን አሳዩኝና ጎንበስ ብዬ ባይ... ድንች አስቀምጠውበታል! «ከውርጭ ይጠብቅልናል» አሉኝ። ምን ይባላል? «ጀምረዋል» ብዬ ጻፍኩ።

መንገድ ላይ ስዘፍን ፈውዚያ ሰማችኝ። የጤና ኬላው ሠራተኞች ሁለታችን ብቻ ነን፣ እሷና እኔ። «ወላሂ በዛች፣ ቁጥሩን ከዜማው ጋር ደባልቀሽ እንዳትጽፊው» ትለኛለች። አባቷ መካነ ሰላም ቁርአን ያስቀራሉ። መንዙማ ስታንጎራጉር ሰምቻታለሁ፣ ድምጿ ከኔ ይበልጣል። ግን ሰው ፊት አታወጣውም። እኔ ደግሞ ሰው ከሌለ አይወጣልኝም።

ቤት ስገባ እማ ጠበቀችኝ። «ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሠርግ ለሠርግ ልትዞሪ ነው አሉ?» ነው። ለጥር ሦስት ሠርግ ተይዟል። «ከዚያ አዝማሪ ጋር?» ከይሄነው ጋር፣ እሱ ማሲንቆውን፣ እኔ ድምፄን። «የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ አለችኝ እያልኩ ስኮራ...» አለች። ቀሪውን በቃሌ ስለማውቀው ወጥቼ ሄድኩ።

ምንድን ነው የምፈልገው? ደረጃ አራት ተምሬ ከፍ ማለት እፈልጋለሁ። ይሄንኑ ቆጠራ እስከ እርጅና? ኸረ ወዲያ! መዝፈንም እፈልጋለሁ። አንዱን ሳስብ ሌላው ይጠራኛል። ቁጭ ማለት እንኳ አቃተኝ።

ታኅሣሥ 9

መካነ ሰላም ስብሰባ። ሁለት ሰዓት በእግር ሄድኩ፣ ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ደነዘዝኩ፣ ሁለት ሰዓት በእግር ተመለስኩ።

ግን ምን ቢባል ጥሩ ነው? ተቆጣጣሪያችን አቶ ብዙነህ ልንበተን ስንል አወጡት፤ ለደረጃ አራት ከሰባቱ ቀበሌዎች አንድ ሰው ብቻ ደሴ ገብታ ትማራለች። አንድ! «ሰንደቁን ያሰቀለች ቀድማ ትሄዳለች» አሉ። ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ የለም ሲባል የሚሰቀለውን ሰንደቅ ማለታቸው ነው። የኛ ቀበሌ ቀኑ ተቆርጧል፣ ጥር 25። ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ።

ፈውዚያ «እኔን ተዪኝ፣ ዘንድሮ ኒካዬ ነው» አለች። እንግዲህ እኔ ነኝ። ሁሉም ጎጥ ቆፍሯል... ከአፋፍ በቀር። አፋፍ፣ አሥራ አራት ቤት፣ ጉድጓድ ዜሮ።

ታኅሣሥ 17

አፋፍ ወጣሁ። ትንፋሼ እስኪቆረጥ።

እትዬ ወርቂቱ ተቀበሉኝ። የጎጡ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምላሳቸው የታወቀ። እሳቸው ግጥም ያልሰጡበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። ልመክራቸው አፌን ስከፍት ዶማ አንስተው መሬቱን መቱት። ጮኸ።

«ሰማሽው? አለት ነው ልጄ። በዚህ ዶማ ምኑን እንቆፍረው? ዲጅኖና መዶሻ ያምጡልንና እንቆፍራለን። ንገሪልን።»

«እስከዚያው ለመጸዳዳት የት ነው የምትወጡት?»

«ከቁልቋሉ ሥር ነዋ። የት ልንሄድ?»

ከቁልቋሉ ዝቅ ብሎ ምንጩ አለ። ሁላቸውም የሚቀዱት ከዚያ ነው። እነግርላችኋለሁ ብዬ ወረድኩ።

ታኅሣሥ 20

ለአቶ ብዙነህ ደወልኩ። «ዲጅኖ? በዓመቱ አጋማሽ ዲጅኖ ከየት ልውለድልሽ? ሕዝቡን ማሳመን ያንቺ ሥራ ነው። ቁጥሩን ሙዪና ላኪልኝ።»

ሙዪ... ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ያልገባኝ ለመምሰል ሦስት ጊዜ «እሺ» አልኩ።

ታኅሣሥ 27

ሞላሁት። አፋፍ፣ አሥራ አራት ቤት፣ አሥራ አራት ጉድጓድ።

ፈውዚያ በትከሻዬ በኩል አየችው። «አስተግፊሩላህ» አለችና ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር።

ከገና በኋላ እንደ ምንም ብዬ አስቆፍራቸዋለሁ። ያኔ የጻፍኩት እውነት ይሆናል። አይሆንም?

ጥር 14

ሠርግ! ሠርግ! ጉሮሮዬ ተቃጥሏል፣ እግሬ አብጧል፣ ደስ ብሎኛል።

ዳሱ ሙሉ ነበር። ይሄነው አምባሰሉን ሲጀምር ቆጠራውም፣ ሪፖርቱም፣ ሁሉም ከራሴ ወጣ። መሃል ላይ አንዱ ተነሳና «ተቀበይ!» አለኝ። የሙሽራውን አጎት ስስት በሁለት ስንኝ ቋጥሮ ሰጠኝ። አጎትየው ፊት ለፊቴ ሥጋ ይቆርጣሉ! ምን አደርጋለሁ፣ በዜማ አወጣሁት። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፣ አጎትየውም ሳቁ። በእኔ የተቆጣ የለም። ሰጪው ሌላ፣ እኔ ተቀባይ።

ይሄነው ከአባቱ የሰማውን ሁልጊዜ ይነግረኛል። «ግጥሙ የሰጪው ነው። ካንቺ የሚፈለገው አፍሽ ብቻ ነው። ሙገሳም ይሁን ስድብ፣ አንድ ቃል ከነካሽ ሌባ ነሽ።» እሱ ሲያወራ ሳቄ ይመጣል፣ እንደ ዳኛ ነው ፊቱን የሚያጠቁረው።

አፋፍ አልወጣሁም። በሚቀጥለው ሳምንት።

ጥር 25

ከበዓሉ ገና መግባቴ ነው።

ሰንደቁ ተሰቀለ። እንግዶቹ መጡ። አቶ ብዙነህ «የራሳችን ባለሙያ፣ የራሳችን ድምፃዊት!» ብለው አስተዋወቁኝ። እማ ከፊት ተቀምጣ አጨበጨበች። እማ! ስዘፍን ስታጨበጭብ ያየሁት ዛሬ ነው። ይሄነው ጀመረ፣ ገባሁበት። ኮርቼ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ከኋላ «ተቀበይ!» የሚል ድምፅ መጣ።

እትዬ ወርቂቱ። ቆመዋል። «ልቀበል!» አልኩ፣ ልማድ ነው፣ አፌ ቀደመኝ። ሰጡኝ፦

ጉድጓዱ ተቆፍሮ አለቀ በደብተር፤
እኛስ ዛሬም አለን ከዚያው ቁልቋል ሥር።

አቶ ብዙነህ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እማ እኔን እኔን ታያለች። ይሄነው አላቆመም፣ ያችኑ ዜማ እየደጋገመ ይጠብቀኛል። ደሴን አሰብኩ። ከዚያ አፌን ከፈትኩና...

ጉድጓዱ ተቆፍሮ አለቀልን በአንድ ወር፤
እንዲህ ነው ሕዝባችን ሲሠራ በፍቅር።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከኋላ አንድ እጅ አልተነሳም። እትዬ ወርቂቱ ጥቂት ቆሙ፣ ምናልባት አስተካክላ ትለዋለች ብለው ይሆናል። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አፋፍ መንገድ ጀመሩ። ምነው ቢሰድቡኝ!

ጥር 26

ድምፄ ሻክሯል። ብርድ ነው።

የካቲት 17

የጾም መግቢያ ሠርግ። ሙሉ ቀን ዘፈንኩ። አንድ ሰው «ተቀበይ» አላለኝም።

አንድ ሰው! ይሄነውን ግን ከግራ ከቀኝ «ተቀበል! ተቀበል!» ሲሉት ዋሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ጠላ ይፈልጋሉ፣ ጫማቸውን ያያሉ። መጀመሪያ ያልሰሙኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እንደ ሞኝ።

ስንመለስ ጠየቅሁት። «ምን ሆነው ነው?»

ማሲንቆውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ባደራ የሰጡሽን በላሽው። ማን ደግሞ ይሰጥሻል?»

«አንተ ብትሆን ትለው ነበር?»

«እኔ ደረጃ አራት የለብኝም» አለ። እውነቱን ነው፣ በእሱም ተበሳጨሁ።

መጋቢት 6

ደብዳቤው መጣ። ተመርጫለሁ! ትምህርቱ ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል።

እማ እልል አለች፣ ጎረቤት ጠራች። ፈውዚያ «ሙባረክ» ብላ አቀፈችኝና ወደ መዝገቧ ተመለሰች። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስሜ ሳይሳሳት ተጽፏል። ታዲያ ለምንድን ነው እንደ ሌላ ሰው ደብዳቤ የማነብበው?

ጾም ነው፣ ዘፈን የለም። ይሄነው ማሲንቆውን ሰቅሏል። እንኳንም ጾም ሆነ።

ሚያዝያ 8

ሦስት ቀን ዘነበ። አፋፍ ላይ ተቅማጥ ገባ። ሦስት ቤት።

ከፈውዚያ ጋር ጭቃውን እየወደቅን እየተነሳን ወጣን። የእትዬ ወርቂቱ የልጅ ልጅ ድንቅነሽ፣ ሁለት ዓመቷ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ አገኘኋት። ኦአርኤስ በጥብጬ በማንኪያ፣ በማንኪያ... ከሰዓት በኋላ ሸናች፣ ውኃው ገብቶላታል ማለት ነው። ሽንት አይቼ አለቀስኩ። ሰው ምን ይለኛል አላልኩም።

ፈውዚያ ሌላኛው ቤት ናት። እኔና እትዬ ወርቂቱ ብቻ ነን። «አልተቀየምኩሽም ልጄ» አሉ። «እንጀራሽ ነው። አውቄልሻለሁ።»

ማወቃቸው ገደለኝ! ምንጩ ለምን ተበከለ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ወረቀቱ ላይ አፋፍ ሙሉ ነው። ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። ዲጅኖውንም ማንም አያመጣም። በሩን የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ።

ሚያዝያ 10

መካነ ሰላም ሄድኩ። አዲስ ቅጽ ሞልቼ አቶ ብዙነህ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አፋፍ፣ አሥራ አራት ቤት፣ ዜሮ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እርማት ነው።»

«አብደሻል? ደብዳቤሽ ወጥቷል እኮ! ሁለት ሳምንት ነው የቀረሽ። ሂጂ፣ ተማሪ፣ ስትመለሺ ታስቆፍሪያለሽ።»

ክፉ ሰው አይደሉም፣ እሳቸውም ከላይ ቁጥር ይጠየቃሉ። ቅጹን መልሰው ወደ እኔ ገፉት። «በሚቀጥለው ሳምንት ግምገማ ላይ እናገራለሁ» አልኩ። ማን እንደተናገረው አላውቅም፣ የኔ ድምፅ ግን ነበር።

ሚያዝያ 16

ግምገማ። የሰባት ቀበሌ ሠራተኛ ባለበት። ተራዬ ደረሰና ቆምኩ። ያጠናሁት ንግግር ድራሹ ጠፋ። የመጣልኝ ግጥሙ ብቻ ነው። አልኩት። ያለ ዜማ፣ በቁሙ። «ጉድጓዱ ተቆፍሮ አለቀ በደብተር...» ከነሁለተኛው ስንኝ። «ይሄ የእትዬ ወርቂቱ ነው፣ የጻፍኩት ውሸት ደግሞ የኔ ነው» አልኩና ተቀመጥኩ።

ስወጣ አንዷ ሠራተኛ መጥታ እጄን ጨብጣኝ ሄደች።

ሚያዝያ 24

ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሰንደቁ ወረደ። ዕድሉ ለማዶዋ ቀበሌ ሠራተኛ፣ ለጁማና ተሰጠ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ደህና ትማር።

እንዲህ ጻፍኩ እንጂ አንጀቴ አሯል።

እማ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ ስትናገር ደግሞ «ደብተር እንደሆን አይናገር፣ ዝም ብትዪው ምን ነበረበት?» አለች።

ግንቦት 9

አጃኢብ! አቶ ብዙነህ ራሳቸው በጭነት መኪና መጡ። ሁለት ዲጅኖ፣ አንድ ትልቅ መዶሻ። ከመንገድ ሥራ ካምፕ ለምነው ነው። ፊቴን አላዩኝም። «በሁለት ወር ትመልሻለሽ» ብለው አስፈረሙኝና ሄዱ።

ዲጅኖውን ተሸክሜ አፋፍ ወጣሁ። ትከሻዬ ተልጧል።

ግንቦት 18

ከአሥራ አራቱ አምስት ተቆፍሯል። አምስት ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ አፋፍ ላይ ሠርግ ነበር፣ የእትዬ ወርቂቱ ወንድም ልጅ። ልሂድ አልሂድ ስል ይሄነው ደጃፌ ላይ ማሲንቆውን ሲቃኝ አገኘሁት። «ጠርተውኛል ወይ አትበዪኝ፣ ውጪ» አለኝ። እማም ተከተለችን፣ አኩርፋ፣ ሃያ እርምጃ ከኋላ።

ዘፈንኩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። «ተቀበይ» የሚል የለም። በቃ፣ ከደሴም ከዘፈኑም ሳልሆን ቀረሁ ብዬ ልቀመጥ ስል...

«ተቀበይ!»

እትዬ ወርቂቱ ናቸው፣ ድንቅነሽን አዝለው። «ልቀበል!» ለማለት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ።

ደሴ ልትማር ነበር ዘንድሮ ልጃችን፤
ዲጅኖ ተሸክማ ቀረች ከደጃችን።

ዳሱ ዞሮ አየኝ። መጀመሪያ የሳቀችው እማ ናት፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ። እኔ ላይ ነው የተገጠመው፣ ቁስሌ ላይ፣ ገና ያልዳነው ላይ። ይሄነው ዜማዋን እየደጋገመ ይጠብቀኛል።

አወጣሁት። «ቀረች» የሚለው ላይ ድምፄ ተሰበረ፣ ግን አልዘለልኩትም። አንድ ቃል አልነካሁም።