ክንድህን ሸጥኩት

ሸምሱዬ፣ የሳሊማ አባት፤

መቃብርህ ዘንድ ስመጣ አሰላሙ ዓለይኩም እልሃለሁ፤ በወረቀት እንዴት እንደሚባል ግን እንጃ። ከተለየኸኝ ይኸው ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። የምጽፍልህ ፊደል ባስቆጠርከኝ በዚያው በጨርቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒው አጠገብ አስቀምጠህ ሀ ሁ ስታስብለኝ እስቅብህ ነበር። ለካ ለዚህ ኖሯል!

የቤቱን አስቀድሜ ልንገርህ። ሳሊማ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው እንደገና በቀሉ፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት። በጓዳ በኩል የሚያፈሰው ጣሪያ ተደፍኗል። ልብስህን ለሰደቃ አውጪ ብለውኝ ሁሉንም አወጣሁ፤ ኮትህን ብቻ ደበቅኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር፤ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ።

አራት ወር ከአስር ቀን የመበለትነት ኢዳዬን ጨርሼ እንደወጣሁ ወንድምህ ከድር መጣ። ሱቅ በሴት እጅ አይሆንም፣ ቢሆንም እስከ ዓረፋ ሞክሪው፤ ዕቃው ካልተሸጠ ቁልፉን ታስረክቢና ቆሼ ከተማ አባትሽ ቤት ትገቢያለሽ አለኝ። ልጅቷስ? ብዬ ብጠይቀው፣ ልጅቷማ የኛ ናት፣ እዚሁ ቡታጅራ ታድጋለች አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደንቡ ነው ብሎ ነው እንዲያ ቀለል አድርጎ የተናገረው። እኔ ግን እሱ እንደወጣ ቁልፉን መቀነቴ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ሱቁን ከፈትኩ። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ አላህ ያጽናሽ ይላሉ፣ ቺቱን ያገላብጣሉ፣ ከዚያ ዓይናቸው ጨርቅ የምለካበት ክንዴ ላይ ያርፋል። ያንተ ክንድ ከክርንህ እስከ ጣትህ ጫፍ ምን ያህል ረጅም እንደነበር ታውቃለህ። ከመስቃን ገጠር ድረስ ሌላውን ነጋዴ እያለፉ ወዳንተ የሚመጡት ለውበትህ መሰለህ? ለክንድህ ነበር እኮ! የኔዋ አጭር ናት። እትዬ ዙበይዳ፣ ያቺ የድሮ ደንበኛህ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽ ልጄ፣ ክንድሽ ነው የበደለሽ ብላ ከፊቴ ሄዳ ከማዶው ሱቅ ገዛች። ሰባት ገበያ እንዲህ አለፈ። አንድ ጣቃ እንኳ አላለቀልኝም። ባዶ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አንተን እረግም ነበር፤ አዎ፣ እረግምህ ነበር። ምን አስቸኮለህ?

አንድ ቀን የላይኛውን መደርደሪያ ስወለውል ያቺ ጨርቅ እጄ ገባች። ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ አበባ ያለባት። ልትታመም ጥቂት ቀን ሲቀርህ ለአንዲት ሴት የቆረጥካት፤ ተመልሼ እወስዳለሁ ብላ የቀረችው። ስምንት ክንድ ነበረች። ስትለካ አንድ በማለት ፈንታ በረካ ብለህ ትጀምር አልነበር? ስምንተኛው ላይ በጠመኔ ታሰምርና፣ ከመስመሩ ወዲያ ደግሞ አንድ ስንዝር ምርቃት ጨምረህ ትቆርጣለህ። ምርቃት ከቁጥር ውጭ መሆኑን ገዢ በዓይኑ ይይ ትል ነበር። ጠመኔው አልጠፋም፤ እዚያው አለ።

ጨርቋን እስከ ጠመኔው መስመር ድረስ ሦስት ጊዜ እኩል ለሁለት አጠፍኳት። ስምንት እጥፋት ወጣች። እያንዳንዷ እጥፋት ያንተ ክንድ! ጨርቋን ታቅፌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ አናጢው ዘንድ ሮጥኩና በልኳ የወይራ ዘንግ አስቆረጥኩ።

በሚቀጥለው ገበያ ዘንጉን ከፍ አድርጌ የሸምሱ ክንድ ይኸውላችሁ አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ አለቀሱ፣ ገዙም። እትዬ ዙበይዳ ዘንጉን በእጇ ዳበሰችና ራሱ ነው ብላ መሰከረችልኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! በረካ ብዬ እጀምራለሁ፣ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ ስንዝሬን እጨምራለሁ። መቀለድ ለመድኩ፣ ሙሽራን ከእናቷ ለይቼ ማናገር ለመድኩ፣ ለመግዛት የመጣችውንና ለማየት ብቻ የመጣችውን ከበር ላይ መለየት ለመድኩ። ብታየኝ አታውቀኝም።

የዓረፋ ዋዜማ ግን ሱቁ በሰው ተጨናነቀ። ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከገጠር የወረደው፣ ሁሉም በአንድ አፍ ለኔ ለኔ ይላል። እኔም ካንዱ መደርደሪያ አወርዳለሁ፣ ለአንዷ እሰጣለሁ። ሱቁን ስዘጋ ቀና ብዬ ባይ የላይኛው መደርደሪያ ባዶ ነው። ያቺን ጨርቅ ሸጫታለሁ። ለማን እንደሸጥኩ ወላሂ አላስታውስም። ምን ዓይነት ሴት ነኝ? በማግስቱ ከድር ሰው ፊት ቁልፉ ያንቺ ነው፣ ልጅሽም ካንቺ ጋር ናት አለኝ። ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ የማስበው ስለዚያች ጨርቅ ነበር። ግድ የለም፣ ዘንጉ አለኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ባለፈው ሳምንት ተቆጣጣሪዎች መጡ። በክንድ መለካት ቀርቷል፣ ከእንግዲህ በሜትር ነው ብለው የብረት ሜትር አስገዙን፤ የነጋዴውን ዘንግ ሁሉ ሰብስበው ገበያው መሃል እየሰበሩ አቃጠሉት። እግራቸው ላይ ወድቄ ይህ መለኪያ አይደለም፣ የባሌ ክንድ ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ሸምሱዬ፣ በዚያ ክንድ ሳሊማን ታቅፋት ነበር። አሁን ልኩ በዓለም ላይ የለም። የኮትህን እጅጌ አወጣሁ፣ ጣት የለውም። ዓይኔን ጨፍኜ ለማስታወስ ስሞክር አንዴ ይረዝምብኛል፣ አንዴ ያጥርብኛል። አሁን በቡታጅራ እኔን የሚያህል ሻጭ የለም ይላሉ፤ ከወልቂጤ ሳይቀር መጥተው ከኔ ይገዛሉ። እውነታቸውን ነው፤ አንተንም ሸጬሃለሁ። በገበያ ቀን ሰማያዊ ቀሚስ ከሩቅ ባየሁ ቁጥር ደንበኛ ጥዬ እሮጣለሁ። እስካሁን አላገኘኋትም።

ሜትሩን ይዣለሁ፤ አዋጅ ነው፣ ምን አደርጋለሁ። ስለ ምርቃት ግን ማንም አልከለከለኝም። በብረቱ ለክቼ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ ከመስመሩ ወዲያም በዚህች አጭር እጄ አንድ ስንዝር እጨምራለሁ። ትናንት አንዲት ልጅ ይሄስ የምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። የሸምሱ ነው አልኳት። እጄ መቀስ እስከያዘች ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ።

ባለቤትህ ዘይነባ