ሳልነሳ የምቀበላቸው እንግዶች

ረቡዕ ጥቅ. ፬፣ ጠዋት

ጢሜን የልጅ ልጄ አስናቀች ላጨችኝ። ምላጩን ከእጄ የቀማችኝ ካቻምና ነው፤ ቀኝ እጄ ያለ ብርድ ይንቀጠቀጣል። ፊደሌም እያነሰ ሄዷል። ደብተር ሆይ፣ ዓይንህን አጥብበህ ቻለኝ።

የትናንቱን ልጻፍ። ወንድሜ ዳምጤ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ከቆላ ድባ መጣ። እንደ ወጉ ብድግ ብዬ «ኖር» አልሁ። «በእግዜር» አሉ። ከዚያ ጨለመ። የገዛ ወንድሜን የማን ልጅ ነህ አልሁት። እነሱ እስኪቀመጡ ቆሜ ስጠብቅ የሟቹን ልጄን፣ የአስናቀችን አባት ስም ጠየቁኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ተያዩ። ብዙም ሳይቆዩ ሄዱ።

አልጋ ላይ ጋደም ስል ሁሉም ተመለሰ። የሽማግሌዎቹ ስም፣ የአባቶቻቸው ስም፣ የበቅሎዎቻቸው መልክ ሳይቀር። ምን ዋጋ አለው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፈራሁ።

ሐሙስ ፭

ዳምጤ መልእክት ላከ። አእምሮዬ ተናውጧል ባይ ነው። እሑድ ሳምንት ሽማግሌዎቹን ይዞ ይመለሳል። ያን ቀን መልስ ካጣሁ የአስናቀች ሞግዚት እሱ ይሆናል። ለደምቢያ እህል ነጋዴ ሊድራት ቃል ሰጥቷል። እሷ ገና ስምንተኛ ክፍል። ልጄ ሲሞት እጄን ይዞ አደራ ያለኝ ት/ቤቷን ነበር።

ዳምጤ ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለኝ። ከእብድ ጋር የምትኖርን ልጅ ማን ያገባታል ብሎ ተጨንቆ ነው። በቅን ልቡ ሊወስዳት ነው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

እሑድ ፰፣ ከቅዳሴ መልስ

ወንጌል ሲነበብ ያለሁበት ጠፋኝ። የጣሊያን ጊዜ መሰለኝ፤ መደበቂያ ፈለግሁ። ግድግዳ ተደግፌ መሬት ቁጭ አልሁ። ሰው ሁሉ ቆሞ! ወንጌሉ ሳያልቅ ግን ጎንደር መሆኔን፣ እሑድ መሆኑን፣ የቄሱንም ስም አወቅሁ።

ለአስናቀች ነገርኋት። «አባባ፣ ቁጭ ብለው ሒሳቤን ያርሙልኝ የለ? የሚጠፋዎት ሲነሱ እኮ ነው» አለች። እንዴት ሳላየው ቀረሁ?

ማክሰኞ ፲

ሐኪም ቤት። አምና ለመንቀጥቀጤ ፓርኪንሰን ብሎ ስም የሰጠው ፈረንጅ ሐኪም አየኝ። ክንዴን በጨርቅ ጠቅልሎ ነፋ። ተኝቼ ሳለሁ የደም ግፊቴን ለካ፤ አስነስቶ ለካ። ቆሜ ሳለሁ ስሜን ጠይቆኝ አልመለስሁም አሉ። እኔ አላስታውስም፤ አስናቀች ናት የነገረችኝ።

አስተርጓሚው እንዳስረዳኝ፦ በሽታው የደም ሥሬን ሥራ አስቶታል። ስነሳ ደሙ ወደ እግሬ ይወርዳል፤ የደም ግፊቴ ይወድቃል፤ ራሴ የሚበቃውን ደም አያገኝም። እብደት አይደለም። ውሃ ጠጣ፣ ጨው ጨምር፣ ቀስ ብለህ ተነሳ፣ ሲብስብህ ተቀመጥ።

ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ሐኪሙ ጨመረ። ይኸው በሽታ ውሎ አድሮ፣ ተቀምጬም ቢሆን፣ ሐሳቤን ሊነካ ይችላል። መቼ? አያውቅም።

ቅዳሜ ፲፬

ነገ ይመጣሉ። ተቀምጬ ልቀበላቸው ነው። ሽማግሌ ሲገባ ያልተነሳ ሰው! ብነሳ እብድ፣ ብቀመጥ ባለጌ። ዳምጤ ምን እንደሚል ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ወጉንም ረሳው ይላል።

አስናቀች ልታለማምደኝ ከዘራዬን ይዛ፣ ጎብጣ ገባች። ሳላስበው ብድግ አልሁ። ወጥታ ገባች፤ አሁንም ብድግ። ሳቅን፣ ሆዳችንን ይዘን። እንደገና ገባች፤ ተነሳሁ፤ ማን እንደሆነች ጠፋኝ።

«ማን ልበል?» አልኋት።

ሳቋ ቆመ። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

እሑድ ፲፭፣ ከሰዓት

መጡ። አልተነሳሁም። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ «ኖር» አልሁ። «በእግዜር» ያለ የለም። ዳምጤ አያችሁልኝ ዓይነት ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«አባቶቼ፣ ንቄያችሁ አይደለም» አልሁ። «ብነሳ አእምሮዬ ይጠፋብኛል፤ ሐኪምም አይቶ ጨው ጨምር ብሎኛል። እንደተቀመጥሁ ጠይቁኝ።»

ጠየቁኝ። የልጄን ስም፣ የሞተበትን ክረምት፣ የመሬቱን አዋሳኝ። አንድም አልሳትሁ። ታላቁ ሽማግሌ፣ «ልቡ ሸጋ ነው። ምነው ዳምጤ፣ አብዷል ያልኸን?» አለ።

እዚያ ላይ አፌን መዝጋት እችል ነበር። የሐኪሙን የመጨረሻ ቃል ግን ነገርኋቸው። ተቀምጬም የምስትበት ቀን ከመጣ ሞግዚቷ አዘዞ ያለችው የሟች እናቷ እህት ትሁን፤ ት/ቤቷም አይቋረጥ አልሁ። ተስማሙ። ዳምጤ ቅር እያለው ወጣ። በሩ ላይ ግን ለአስናቀች፣ ጨው እልክለታለሁ ብሏት ሄደ።

እሑድ፣ ከራት በኋላ

ሰው ደስ ሊለው በሚገባ ቀን ፈርቻለሁ። አስናቀችን አስቀምጬ ተነጋገርን። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ፣ ስሟን ትጠይቀኛለች። መልስ ያጣሁ ቀን ልብሷን ይዛ በቀጥታ አዘዞ ትሄዳለች። ነገ ይሻለው ይሆናል ብላ እንዳትቆይ። እንዳትሰናበተኝም አልኋት፤ ማን እንደሆነች ሳላውቅ እንዳልሸኛት።

አላለቀሰችም። ብቻ እስከ ነገ አልጠበቀችም፤ አሁኑኑ ስሟን ጠየቀችኝ።