ንፋስ የመታው ሞተር

አጎቴ ራዶቫን፣

ጀርመን አገር ስድስት ዓመት ስለ ሞተር የተማረ ሰው አንዲት የተሰነጠቀች ቱቦ ሳያይ የቀረው ምን እያየ ነው? ያ ሰው እኔው ነኝ።

መኪናዎ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ መንዘፍዘፉን ትቷል። ካንዴላዎቹን በከንቱ ነው የቀየርኳቸው፤ ካርቡሬተሩንም በከንቱ አጠብኩት። ከሥሩ ያለችው ቀጭን የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ አየር ታስገባ ነበር። ውሃ ስረጭባት ሞተሩ ወዲያው ድምፁን ቀየረ። አዲስ ገጥሜያለሁ። ሚኒሞውን፣ መኪናው ቆሞ ሳለ የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነውን ብሎን፣ አይንኩት።

እባክዎ አይንኩት።

በአገራችን የሐምሌ ሙቀት የቤቱን መስኮት ሁሉ ዘግተው፣ ሹራብ ደርበው፣ “ይሄን መኪና እኮ ንፋስ መትቶታል!” ሲሉ በጎረቤት ፊት የሳቅሁት እኔ ነኝ። “ታዲያ አንገቱ ላይ ሻርፕ እንጠምጥምለት?” አልኩ። ጎረቤታችን ድራጊሻ “ዶክተሩ መድኃኒት አዘዘ!” ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። እርስዎ ግን “ሳቅ፣ የእህቴ ልጅ፣ ሳቅ። ንፋስ ዲፕሎማ አይፈራም” ብለው ወደ ቤት ገቡ። ይኸው አራት ቀን ተኳርፈን፣ በአንድ ጣራ ሥር ሆነን የምንነጋገረው በመኪናው ጥሩምባ ነው።

ለሥራ ጉዳይ ቤልግሬድ ሄጃለሁ፤ አርብ እመለሳለሁ። የባቄላ ወጡ ምድጃው ላይ ነው። መስኮቶቹን ዘግቻለሁ።

ሁሉንም።

ቅዳሜ ልጅዎን ዬሌናን ለሠርጓ ሲወስዷት ሞተሩ መንገድ ላይ አይጠፋብዎትም። ትናንት በስልክ መልእክት “ንፋስ ነበር፤ እርስዎ ልክ ነዎት። ቅዳሜ አብሬያችሁ ልምጣ?” ብዬ ልኬልዎታለሁ። ማንበብዎን ስልኩ ነግሮኛል፤ እሺ ካሉ አርብ ስመለስ ጥሩምባውን አንዴ ይንፉልኝ።

ቦያን