አራት ሆነን የዋልንበት ዓርብ

ሰኞ፣ ጥር 18

ለአንድ ቀን ሁለት ቦታ ቃል ገብቻለሁ። ዛሬ በምሳ ብሬክ ስልኬ ላይ ያለውን የቅዳሴ ተራ ስመለከት ነው ያየሁት። የያዝኩትን ሳንድዊች ወደ ከረጢቱ መለስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ላይ የዓመቱን ተራ ስጽፍ፣ ለዑራኤል «ከጥር 22 ቀጥሎ ያለው እሑድ» ብዬ ጻፍኩ። እዚህ አሜሪካ በዓል በሥራ ቀን ከዋለ ወደ እሑድ ይገፋል። ለተክለ ሃይማኖት ደግሞ ዝም ብዬ «ጥር 24» ብዬ አሰፈርኩ። ያ እሑድና ጥር 24 አንድ ቀን ናቸው። አራት ወር ሙሉ ማንም አላየውም። ቀሲስ ምሕረቱም አላዩትም፣ ዲያቆናቱም አላዩትም፤ ጸሐፊዋ ግን እኔ ነኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ የሚለቀምም አልተረፈኝም።

ልጄ ሳሮን ይህን ደብተር አንድ ቀን ካነበበችው እንዲገባት ልጻፈው። ሦስት ቤተ ክርስቲያን አለን፤ ዑራኤል፣ ተክለ ሃይማኖትና ኪዳነ ምሕረት። ሦስቱም ከኮሎምበስ ከተማ ውጭ፣ በሦስት አቅጣጫ፣ በቆሎና አኩሪ አተር መሀል የቆሙ፣ ከአሜሪካኖች የተገዙ አሮጌ የገጠር ጸሎት ቤቶች ናቸው። ከተማው ውስጥ ዋጋው አይቀመስም ነበር። ቤቱ ሦስት ይሁን እንጂ ካህናቱ አምስት ብቻ ናቸው፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። ከአምስት ካነሱ ቅዳሴ አይገባም። ስለዚህ አምስቱ አንድ ላይ ይዞራሉ፣ እኛም በተራ እንኖራለን።

ዑራኤል ግን እያለቀ ነው። አሥራ አንድ ቤተሰብ ቀርቶታል። አምና በዓላቸው ለሌላው ሲባል ሁለት ሳምንት ተገፋ። ያኔ ተሰብስበው «ለከርሞም እንዲህ ከሆነ ቤቱን ዘግተን ወደ ተክለ ሃይማኖት እንገባለን» ተባባሉ። ሰብሳቢያቸው ጋሼ ታደሰ ናቸው የነገሩኝ፤ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ያን ቤት ሲገዙ የጡረታ ቁጠባቸውን አፍስሰውበታል።

ነገ እደውላለሁ። ዛሬ ወገቤም አፌም አልታዘዝ ብለውኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ከሁለቱ ቄሶች ለአንዱ፣ ለቀሲስ ምሕረቱ ደወልኩ። እንጀራቸው እንግዳ ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል ማመላለስ ነው፤ ሁልጊዜ ሲያነሡ ከኋላ የሻንጣ ድምፅ ይሰማል። ነገርኳቸው። «ውቢት፣ እኔ ለሁለት አልሰነጠቅ» አሉኝ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የተክለ ሃይማኖት ሰዎች አይነቃነቁም። ጥሪ በትነዋል፣ ከሌላ ስቴት ዘማሪ አስመጥተዋል፤ በዚያ ላይ ቀኑ ራሱ የጻድቁ ቀን ነው። እውነት አላቸው።

ጋሼ ታደሰን የሚቀጥለው እሑድ ይሁን ብዬ ለመንኳቸው። «አምናም የሚቀጥለው እሑድ ብላችሁን ነው ልጄ» አሉ። አልጮኹም። ከዚያ ጉልበቴን ጠየቁኝ፣ ልጄን ጠየቁኝ። ምነው ሰድበው በዘጉብኝ!

ሳሮን ከዩኒቨርሲቲው ሰፈር ደወለች። ስነግራት፣ «ማም፣ ጀስት ኩዊት። ዩ ዶንት ኢቭን ጌት ፔይድ» አለችኝ፤ ተይው፣ ክፍያ እንኳ የለሽም ማለቷ ነው። እሷ በዚህ ዕድሜዋ ሁሉም ነገር የሚተው ይመስላታል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አንዳንዴ ይመስለኛል።

ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኛለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ተገኘ! ምናልባት። መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ስደረድር ነው የመጣልኝ። በዓሉን ለምን እንገፋዋለን? በቀኑ ይዋል። ጥር 22 ዓርብ ነው። ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ መግባት ይችላል፤ የመጀመሪያው ሺፍት የሚሠራ ሰው ከሥራ ወጥቶ ይደርሳል።

ቀሲስ ወዲያው ገባቸው። «አገር ቤት እኮ እንዲህ ነበር፤ ቀኑን ማን ይገፋው ነበር?» አሉ። ሳቃቸውን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ጋሼ ታደሰም እሺ አሉ። ግን ሌላ ጣጣ መጣ። የዑራኤል ሴቶች ዶሮውን ገዝተው ሽንኩርቱን ከትፈው ጨርሰዋል። ዓርብ ዶሮ የለም። ሰኞ ደግሞ ጾመ ነነዌ ይገባል። አንዷ ስልኩን ከጋሼ ታደሰ ነጥቃ፣ «እትዬ ውቢት፣ ይሄን ሁሉ ዶሮ ቅዳሜና እሑድ ለብቻችሁ ብሉ ነው የምትይን?» አለችኝ። ፍሪዘር የሚባል ነገር አለ አልኳት። ሽሮና ምስር ወጥ ሊሠሩ ተስማሙ፣ እያጉረመረሙ።

የቀረው ከየሥራችን ኦፍ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ መጠየቅ ነው። አምስቱም ካህናት፣ እኔም።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ማስቀደስ አልቻልኩም፤ መኪና ውስጥ ነው ጸሎት ያደረስኩት፣ የሬይኖልድስበርግ የትራፊክ መብራት ላይ።

እኔ ኦፍ አገኘሁ። ሱፐርቫይዘሬ ፊቱን አጥቁሮ ነው የፈረመልኝ። ቀሲስ አገኙ። ሁለተኛው ቄስ አባ ገብረ ሥላሴ ጡረተኛ ናቸው፤ የእሳቸው ችግር ጉልበታቸው ብቻ ነው። እዚሁ ኮሎምበስ ዳር፣ ደብሊን የሚባለው ሰፈር ያሉት ሁለቱ ዲያቆናት፣ ወንድማማቾቹ፣ ከቢሮ ቀደም ብለው ይወጣሉ።

ዲያቆን ኤፍሬም ብቻ ቀረ። ትራክ ነጂ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት። ሙሉ ቀን ከለከሉት። «ሌሊት ወጥቼ ሎዱን ድሮፕ አድርጌ በቀጥታ እመጣለሁ፣ አይጨነቁ» አለኝ። ይህ ሰው አይጨነቁ ሲለኝ የባሰ እጨነቃለሁ።

አምስት። ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። አምስት ናቸው።

ካህናቱ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እህልም ውኃም አይቀምሱም።

ዓርብ፣ ጥር 22

የዛሬውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። ግን ልጻፈው።

ከቀትር በፊት፣ ወደ ዑራኤል እየነዳሁ ሳለ ኤፍሬም ደወለ። ጭነቱን አራግፎ መንገድ ላይ ነው። ድምፁ ትክክል አልነበረም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ማስቲካ አኝኬያለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጠለ። ሌሊት ሲነዳ እንቅልፍ እንዳይጥለው ሁልጊዜ ያኝካል፤ ማስቲካው የሚቀመጠው ከመሪው አጠገብ ነው፤ እጁ ሳያስበው አንሥቶ አጉርሶታል። «አፌ ውስጥ ሳገኘው ስኳሩ አልቋል» አለኝ። ጾሙን ሽሯል ማለት ነው። መቅደስ አይገባም። አራት ሆንን።

«ለማን ተናገርክ?» አልኩት።

«ለማንም። ለእርስዎ ነው።»

ያኔ ያልኩትን ሳልቀባባ እጽፈዋለሁ። «እንግዲያው ዝም በል። ዝም ብለህ ግባ» አልኩት። የዑራኤልን አሥራ አንድ ቤት አሰብኩ፣ ጋሼ ታደሰን አሰብኩ። እግዚአብሔርን አላሰብኩም። ሃያ ዓመት ያስቀደስኩ ሴት፣ በአንድ ማስቲካ።

ከዚያ «እትዬ፣ እንዲህ የሚሉኝ እርስዎ ነዎት?» አለና ዘጋ።

ስደርስ መኪናው እስከ አስፋልቱ ዳር ቆሟል። አሥራ አንድ ቤት ያልነው ሰው ስድሳ ሆኖ መጥቷል። ድሮ ጥለው የሄዱት ሳይቀሩ የሥራ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ገብተዋል። ባዶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ኤፍሬም መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ አላየኝም፤ በቀጥታ ወደ ቀሲስ ሄደ። ቀሲስ ሰሙት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ወጥተው «አራት ነን። ቅዳሴ የለንም» አሉ። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ ሰው ግን እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ኤፍሬም ከኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ፣ ሁሉንም ተናገረ። ስለ እኔ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አንዱ «ማስቲካ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ቆመበት። ያቺ የዶሮዋ ሴትዮ አለቀሰች። እኔ ዓምዱን ተደግፌ መሬት መሬት አያለሁ።

ጋሼ ታደሰ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የኪዳኑን ጸሎት አድርሱልን። ሕዝቡም ሳይበላ እንዳይሄድ» አሉና ተቀመጡ። ይኸው ነው። ኪዳን ደረሰ፣ ወንጌል ተነበበ፣ ተዘመረ። ሽሮው ጥሩ ነበር ይላሉ። እኔ አልቀመስኩም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ሳሮን መጥታ ሾርባ አሞቀችልኝ። «ዲድ ሰምቦዲ ዳይ?» አለችኝ፤ ሰው ሞተ ወይ ማለቷ ነው። አይ፣ አልኳት።

አንድ ቤተ ክርስቲያን ሊዘጋ ነው ብል ምን ይገባታል? አይ፣ እሱስ ይገባታል። የማይገባት «ዝም ብለህ ግባ» ያልኩት ነው። ለእኔም አልገባኝም። ኤፍሬም በዝምታ ቢገባ ኖሮ ዛሬ ደስ ብሎኝ እውል ነበር፤ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ለኤፍሬም ደወልኩለት። አያነሣም። ሥራ ላይ ይሆናል። ወይም ሊያነሣልኝ አልፈለገ ይሆናል።

እሑድ፣ ጥር 24

ተክለ ሃይማኖት። ሕዝቡ ከደጅ ተርፏል። አምስቱም አሉ፤ ኤፍሬም መስቀሉን ይዞ ሲወጣ ፊቱ ከስቷል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጀምሮ አንድ ነገር አለመቅመሱን ሚስቱ ነገረችኝ። ማስቲካውን ከነፓኬቱ ጥሎታል አለች።

ጋሼ ታደሰ ከዑራኤል ሰዎች ጋር መጥተው በሩ አጠገብ ቆመው አስቀደሱ፤ እንግዳ ሆነው። ከቅዳሴ በኋላ አንዱ የዚህ ቤት ሽማግሌ አቅፈው «እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ» አሏቸው። በደግነት ነው ያሉት። ጋሼ ታደሰ «አሜን» አሉ፣ ሌላ ምን ይበሉ? የቀረበልኝን ዶሮ ወጥ ለጎረቤቴ አሳለፍኩት።

ከዚያ የኪዳነ ምሕረት ሰብሳቢ ወደ እኔ መጡ። የሚመጣው እሑድ ተራው የእነሱ ነው። «ለዑራኤል ስጪልን» አሉኝ። ተማክረው ነው የመጡት። እዚያው ስልኬን አውጥቼ ተራውን አስተካከልኩ።

ቀሲስን ለብቻቸው ይዤ ዓርብ ያልኩትን ነገርኳቸው። ነፍስ አባቴ ናቸው። ደክሟቸዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከዚህ ወደ ሆቴሉ ሥራ ይገባሉ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። በነነዌ ሦስቱን ቀን በየቀኑ አርባ አርባ ስገጂ አሉኝ። ቀላል ነው ብዬ ልነሣ ስል፣ «ደግሞ ለታደሰ ራስሽ ትነግሪዋለሽ» አሉኝ።

ስግደቱን መቶ ቢያደርጉት እመርጥ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 25

ነነዌ ገባ። አርባ ሰገድኩ። ሃያ ሰባተኛው ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ፣ አልጋውን ይዤ ጨረስኩት። ከዚያ ሥራ ገባሁ። በብሬክ ልደውል አልኩ፣ ፈራሁ። በሁለተኛው ብሬክም ፈራሁ።

ከሥራ እንደ ወጣሁ ኤፍሬም ራሱ ደወለ። ስልኩን ልጁ ውኃ ውስጥ ጥላበት ሁለት ቀን ሩዝ ውስጥ ቀብሮት ነበር። እኔ ደግሞ ተቀይሞኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ! ይቅርታ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ ለእርስዎ የደወልኩት እኮ አትግባ እንዲሉኝ ነበር፤ ብቻዬን አቅቶኝ ነው» አለኝ። ይህ ከስድብ በላይ ወጋኝ። ግን እሑድ እመጣለሁ አለ።

ከዚያ እዚያው መኪና ውስጥ ለጋሼ ታደሰ ደወልኩ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳላደርስ፣ «ጋሼ፣ ኤፍሬም ዓርብ መጀመሪያ የነገረው ለእኔ ነበር። ዝም ብለህ ግባ አልኩት» አልኳቸው።

የቴሌቪዥን ድምፅ ከኋላ ይሰማል። ቀነሱት።

«ውቢትዬ» አሉ፣ «ለእኔ ቢደውል እኮ እኔም ያንኑ ነበር የምለው። እንዲያውም እቆጣው ነበር። እንኳን አልደወለልኝ!»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እየወረደ። ሁለት ሽማግሌ ሌቦች መሰልን።

ስለ ቤቱ ጠየቅኋቸው። ትናንት ማታ ሊማከሩ ተሰብስበው ማንም «ይዘጋ» የሚለውን ቃል ከአፉ ማውጣት አቅቶት ተለያዩ። «እንግዲህ እሑድ እንቀድስና ከዚያ እንማከራለን። ሳናስቀድስ የምንማከረው ነገር ጥሩ አይመጣም» አሉኝ። ለአሥራ አንዱም ቤት ደውለዋል። ስድስቱ እንመጣለን ብለዋል። አምስቱ ስልክ አላነሡም።

ስድስት ቤት ይበቃ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። «በይ እሑድ በጠዋት» ብለው ዘጉ። ሞተሩን ሳላስነሣ ፓርኪንጉ ውስጥ ብዙ ቆየሁ፤ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ።